ማንም እስከ መጨረሻው ያልሰማው ቃለ ጉባኤ

ይህን የምጽፍላችሁ ፖሊሱ ሊጽፈው ስላልፈለገ ነው።

ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ሁለቱንም ጊዜ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሎሬል፣ ትንሽ ተኝተሽ ብትመለሺስ?» አለኝ።

ተኝቼ! ...እሷን ቃል ባይጠራብኝ ምን ነበረበት።

እናንተ የቻናሉ ሰዎች ግን አንብቡት። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ ጨለማ፣ የውሻ ጩኸት ምናምን የምትጠብቁ ካላችሁ... የለም። ነገሩ የሆነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። በየካቲት ወር፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ አርባ አንድ ዲግሪ ሙቀት ላይ።

ቦታው አውስትራሊያ ነው፤ ቡራንዲን የምትባል የእኛ ከተማ። ከተማ ካላችኋት ማለቴ ነው። ስንዴ፣ ስንዴ፣ አሁንም ስንዴ፤ መሃሉ ላይ እኛ።

ባሌ ክላይቭ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነስቶ ያቦካል፣ ይጋግራል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይመጣል። እኔ እስከ ሰባት ሰዓት ሱቁ ውስጥ እሸጣለሁ። ስለዚህ እሱ የሚተኛው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሲሆን ነው። የመኝታ ቤታችን መስኮት በአሉሚኒየም ፎይል የተለበጠው ለዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ጥቅምት ግን እንቅልፍ እምቢ አለው።

ይገላበጣል። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለ ዱቄት ያስባል፤ ሩቅ ስለምትኖረው ልጃችን ያስባል፤ በሃያ ዓመቱ ስለሳታት ጎል ሳይቀር ያስባል። ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ወደ ሥራ ይሄዳል።

አንድ ሌሊት ቆሞ እንዳለ አንቀላፋ። የሸሚዙ እጅጌ ሊጥ ማቡኪያው ማሽን ውስጥ ገባ። እጅጌው እስከ ክርኑ ድረስ ተቀደደ። እጁ ለጥቂት ተረፈ።

ያን ቀን ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ አልቃሻ ሴት አይደለሁም። ግን ክላይቭ ካልተኛ ያ ማሽን አንድ ቀን እንደሚገድለው አወቅሁ።

መፍትሔውን ያመጣችው ጎረቤታችን ኖሊን ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠርታለች፤ የሰዉን ወሬ ሁሉ ከነአድራሻው ታውቃለች።

«አእምሮው ሥራ ፈትቶ ነው የሚበጠብጠው» አለችኝ። «የሚያሰለች ነገር ስጪው። ያኔ አርፎ ይተኛል።»

«ሠላሳ ዓመት እኔ ሳወራለት አይደል የኖርኩት? ከዚያ በላይ ምን የሚያሰለች አለ?»

ሳቀችና አንድ ነገር ስልኬ ላይ ላከችልኝ። የድምፅ ቅጂ ነው። ስም የለውም፤ ፎቶ የለውም፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። አንድ ሰዓት ይፈጃል።

አንድ ሽማግሌ ቃለ ጉባኤ ያነባል። የዋላንጋ አዳራሽ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ።

እኛ አገር ሦስት ሰው ከተሰበሰበ አንዱ ሰብሳቢ፣ አንዱ ጸሐፊ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ይሆናል። ለአምፖል መቀየር ሳይቀር ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ዋላንጋ ደግሞ ከእኛ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ስንዴ ማሳ መሃል የቆመ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል።

«የሻይ ውሃ ማፍያው ክዳን መላላቱን በተመለከተ... ውይይት ተደርጓል» ይላል ሽማግሌው። «ክዳኑ እንዲጠብቅ ሐሳብ ቀርቧል። ተደግፏል። ጸድቋል። ...የጓሮ በሩን ማጠፊያ ዘይት መቀባትን በተመለከተ...»

ክላይቭ ስድስት ደቂቃ አልሞላውም። አንኮራፋ!

ኖሊንን እየመረቅኩ ከረምኩ። እሱም ፊቱ ተመለሰ፤ ቀልዱ ተመለሰ። የገና በዓልን ደስ ብሎን ዋልን።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ያንን የሽማግሌ ድምፅ አውቀዋለሁ። የት እንደሰማሁት ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ። እናቴም ጠርጣራ ነበረች።

ጥር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ መነጽሬን ረስቼ ከሱቅ ወደ ቤት ተመለስኩ። አምስት ሰዓት ሆኗል። ቀስ ብዬ የመኝታ ቤቱን በር ገፋሁት።

ክላይቭ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ በጀርባው ተኝቷል። ድብን ብሎ።

ቀኝ እጁ ግን ወደ ላይ ቆሟል። ቀጥ ብሎ።

«እደግፋለሁ» አለ በእንቅልፍ ልቡ።

እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

ማንን ነው የሚደግፈው?! እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሴት ነው። በማግስቱ ቁርስ ላይ ያዝኩት።

«ማናት?»

«ማን ማናት?»

«በእንቅልፍህ የምታነጋግራት።»

«ኧረ ባክሽ ሎሬል! ሴት ብትኖረኝ ኖሮ መቼ እተኛ ነበር?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሻዩን እያማሰለ ፈዘዘ። «የዋላንጋ አዳራሽ የሰሜኑ ጥግ ምሰሶ በስብሷል። ዝናብ ሳይመጣ ቢቀየር ጥሩ ነበር።»

«ቅጂው ላይ ሰምተህ ነው?»

«እንጃ... ያየሁት መሰለኝ።»

ክላይቭ የዋላንጋን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ሥራ አልፈታም።

በዚያው ሳምንት ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር። ኖሊን፣ ፋርማሲስቱ ራስል፣ አንድ ሌላ ገበሬ። ሙቀቱ ልቤን አጥፍቶታል።

«ይሄ በር ቢዘጋ አይሻልም?» አልኩ፤ ለማንም አይደለም፣ እንዲሁ ለራሴ።

ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን አወጡ።

እኩል ነው ያወጡት። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ እጃቸውን አውርደው ዳቧቸውን ያዙ። ራስል ሒሳቡን ከፍሎ «ደህና ዋይ» ብሎኝ ወጣ።



ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ይህንን ቅጂ እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው የለም። ኖሊን እንቅልፍ ላጣ ሁሉ ልካዋለች፤ ሁሉም በስድስት በሰባት ደቂቃ ነው የሚተኛው። ታዲያ የቀረውን ሰዓት ሽማግሌው ለማን ነው የሚያነበው?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሱቁን ዘግቼ መጣሁ። ክላይቭ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቁር ሻይ በትልቅ ኩባያ ይዣለሁ። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅዬ ወደ ጆሮዬ ሰካሁ።

የሻይ ማፍያው ክዳን... ማጠፊያው... ሁለት መጥረጊያ መግዛትን በተመለከተ...

ስነቃ ሻዩ ቀዝቅዟል። ቀኝ እጄ ደንዝዟል፤ ጣቶቼ ውስጥ መርፌ መርፌ ይለኛል። ለረጅም ጊዜ ወደ ላይ ተይዞ እንደቆየ እጅ።



ሳምንት ቆጥሬ ደገምኩት። አሁን ግን ቆሜ ነው። የካውያ ጠረጴዛውን መኝታ ቤት አስገባሁና የክላይቭን ሽርጦች በሙሉ እተኩስ ጀመር። የሚያዛጋኝ ሲሆን የካውያውን እንፋሎት ወደ ፊቴ እለቃለሁ።

አሥር ደቂቃ። ሃያ። ሠላሳ። መጥረጊያ፣ መጋረጃ፣ የቧንቧ ጎማ...

አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው ዝም አለ።

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

«የዛሬው ስብሰባ» አለ። «ማክሰኞ። የካቲት አሥር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት።»

ሰዓቴን አየሁ። ማክሰኞ ነው። የካቲት አሥር ነው። ቅጂው ግን ስልኬ ላይ ከገባ አራት ወር ሆኖታል!

«የተገኙ» አለ። «ኖሊን ፊድለር። ራስል ሃርት። ክላይቭ ፔንገሊ...»

ክላይቭ አልጋው ላይ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ስሞቹ ብዙ ናቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። እንቅልፍ አጥተው የነበሩ ሰዎች ሁሉ።

«አዲስ አባል፣ ባለፈው ሳምንት የተቀበልናት» አለ ሽማግሌው። «ሎሬል ፔንገሊ...»

ትንሽ ቆየ።

«...ቆማለች።»

ካውያው ከእጄ ወደቀ።

«ጸሐፊው ደክሞታል» አለ ድምፁ። «በሚቀጥለው ማክሰኞ ዓመታዊ ጉባኤ ነው። አዲስ ጸሐፊ ይመረጣል።» ከዚያ ሳለ። ሁለት ጊዜ፤ አጠር አጠር አድርጎ።

ያኔ አወቅሁት።

አልዊን ነው! የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር። ልጄን ስምንት ዓመት አመላልሷታል። ልጆቹ ላይ ከመጮኹ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይስል ነበር። አልዊን ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነው። አውቶቡሱን ዋላንጋ አዳራሽ ፊት ለፊት አገኙት። ሞተሩ እንደበራ፣ በሩ እንደተከፈተ። ልጆች አልነበሩበትም፤ ተመስገን። እሱን ግን እስከ ዛሬ ያየው የለም።

ሲጠፋ አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ይህ ድምፅ ግን የዘጠና ዓመት ሰው ድምፅ ነው።

ክላይቭን ቀሰቀስኩት። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቴን አየና ዘጋው።

«ምን ይሻላል?» አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ አትሰማውም። ማክሰኞ ደግሞ አምስት ሰዓት ላይ አትተኛም። ከሌለህ ሊመርጡህ አይችሉም።»

እንዲህ አልኩት። በዚህ አፌ።

ማክሰኞ ሱቁን ዘጋሁ። ክላይቭ ከሥራ እንደወጣ ወደ ከተማው መዋኛ ገንዳ ወሰድኩት። ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አወጣሁት። ቡና አጠጣሁት። እንደገና ነከርኩት።

«ሊጥ እንኳ እንዲህ አላሸም» አለኝ እየተንቀጠቀጠ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ሣሩ ላይ ፎጣ ለብሶ ተቀምጧል። እጁን ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ።

አምስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

«ክላይቭ!»

ቆነጠጥኩት። እጁን ከእጄ ላይ አላቅቆ ወደ ላይ አወጣው። ሌላ ጊዜ ደግፎ ሲያወጣ እንደማየው ቀጥ ያለ አይደለም። የቸኮለ ሰው እጅ ነው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። በጥፊ አልኩት፤ ነቃ።

«ምን አየህ?» አልኩት።

«ምንም።» ዓይኔን አላየኝም። «ራበኝ። የስጋ ፓይ ግዢልኝ።»

ሁለት በላ። እየሳቀ በላ። እኔም እፎይ አልኩ። አለፈ አልኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ...

ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ስንደርስ ኖሊን በራችን ላይ ቆማለች። የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ጉንጯ ላይ የትራስ ሰንበር አለ። ክላይቭ ቀና ብሎ ሳያያት ወደ ውስጥ ገባ።

ክንዴን ያዘችኝ።

«ለምን ቀረሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ከምን?»

«ሎሬል... አንቺ እዚህ ያደግሽ ልጅ አይደለሽም? ከዓመታዊ ጉባኤ የቀረ ሰው ምን እንደሚደረግ ጠፋሽ?»



እንዴት ጠፋኝ? እዚህ ይህን የማያውቅ ማን አለ? የቴኒስ ክለብም ሆነ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች፣ ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ሰው የለም። የተገኘው ሁሉ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሥራው እምቢ ለማለት እዚያ ላልተገኘው ሰው ይሰጣል። እኔ ራሴ ጉንፋን ይዞኝ አንድ ቀን ቀርቼ ነው የሴቶቹ የእጅ ኳስ፣ የኔትቦል ክለቡ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት የተጎተትኩት!

«የቀራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ» አለች ኖሊን።  «ያንቺ ስም ቀረበ። ይቅር በዪኝ... እኔም እጄን አወጣሁ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ነው። እዚያ ስትሆኚ እጅሽ የራስሽ አይደለም።»

«እና እኔን መረጣችሁ?»

«አይ» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ክላይቭ ዘግይቶ ገባ። ጸጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል። "እሷን ተዉአት፣ እኔ እሆናለሁ" አለ።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጸደቀ።»

ሮጬ ገባሁ። ክላይቭ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። የእርሾውን መጠን፣ የምድጃውን ሙቀት፣ የቱ ዱቄት በሙቀት ቀን ውሃ እንደሚያንሰው... ለሚቀጥለው ጋጋሪ።

«ተው» አልኩት። «ወረቀቱን ተወው።»

«ያንቺ ድምፅ ለማንበብ አይሆንም» አለኝ ሳያየኝ። «ትቸኩያለሽ።»

አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። እሱም ጀርባዬን እየደባበሰ ቆየ። 

በማግስቱ አልለቀው ብዬ ቆረጥኩ። ሱቅ የለም፣ ሥራ የለም። ስልኬን የመጸዳጃ ቤቱ ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። የመኪናውን ቁልፍ ጡቴ ስር ደበቅሁ። የመኝታ ቤቱን በር ዘግቼ ወንበር አስደግፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ክላይቭ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተኛ። ያለ ማዳመጫ፤ ያለ ምንም ድምፅ። እንደ ሕፃን ነው የተኛው።

ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ... አንድ ጊዜ ብቻ ሽፋሽፍቴ ከበደኝ።

ስገልጥ አልጋው ባዶ ነው።

ወንበሩ ከነእኔ በሩ ላይ ተደግፏል። መስኮቱ ላይ ያለው ፎይል አልተነካም። አንሶላው ገና ይሞቃል።

መኪናውን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የአቧራ መንገድ ነው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ዋላንጋ ደረስኩ።

ነፋስ የለም። ወፍ የለም። የታጨደው ስንዴ ማሳ መሃል ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል።

«ክላይቭ!»

በሩ ላይ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የሸረሪት ድር ቁልፉን ቀዳዳ ሸፍኖታል። ማንም በዚህ በር አልገባም።

በጎን ዞሬ መስኮቱን በመዳፌ ጠረግሁና አየሁ።

ወለሉ ላይ አቧራ ተጋግሯል፤ የእግር ኮቴ የለበትም። አርባ የሚሆኑ የእንጨት ወንበሮች ፊታቸውን ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ አድርገው ተደርድረዋል። ባዶ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ስኒዎች አሉ።

ከስኒዎቹ ሁሉ እንፋሎት ይወጣል።

ጆሮዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

አንድ ሰው ያነባል። ቀስ ብሎ፣ በማይሰለቸው ድምፅ።

«...የሰሜኑን ጥግ ምሰሶ በተመለከተ... ውይይት ተደርጓል...»

የክላይቭ ድምፅ ነው።

መስታወቱን ደበደብኩት። ስሙን እየጠራሁ ደበደብኩት። አላቆመም።

«የተገኙ» አለ፤ ስሞቹን አነበበ። የመጀመሪያው አልዊን ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የማላውቃቸው የድሮ ስሞች ናቸው፤ ረጅም ዝርዝር።

«የቀሩ...» አለ። «አንድ።»

መደብደቤን አቆምኩ፤ አባል ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ።

 ክላይቭ ጉሮሮውን ጠረገ። የቀረውን ሰው ስም አላነበበም። ገጹ ሲገለጥ ሰማሁት።

«ቀጣዩ አጀንዳ» አለ ቶሎ ብሎ። እሱ፣ ሲያነብ ቸኩሎ የማያውቀው ሰውዬ።

ከዚያ እንጨት ከወለል ጋር ሲፋተግ ተሰማኝ።

ቀና ብዬ አየሁ።

ወንበሮቹ ሁሉ፣ አርባዎቹም፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።